ራውተሩ ሲቀየር የጠፋብኝ የቤት ሰርቨር

ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ ማታ በሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ ኖሮ የቤታችን ራውተር ተቃጠለ። እዚያው ዲቫይደር ላይ ተሰክቶ የነበረው፣ ለቤተሰቡ ዊኪፔዲያና ፎቶግራፎች የሚያቀርበው የቤት ሰርቨራችን ግን አሮጌ ላፕቶፕ በመሆኑ ተረፈ፤ ባትሪው ገና ስለሚሠራ ለአንድ አፍታ እንኳን አልጠፋም። በማግስቱ የመጣው ባለሙያ አዲስ ራውተር ተክሎ፣ የሁላችንም ስልክ ኢንተርኔት ማግኘቱን አረጋግጦ፣ የቀረበለትን ቡና ሳይጠጣ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ሄደ። ማታ ላይ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ «አባዬ፣ ዊኪፔዲያው እምቢ አለ» ስትለኝ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ መስሎኝ ላፕቶፔን ከፈትሁ። ዊኪፔዲያው የተከፈተላት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በቤታቸው ትንሽ ሰርቨር አቁመው ከሊኑክስ ላፕቶፕ ሊደርሱበት ላልቻሉ ሰዎች ነው። የእኔ ችግር መነሻው አንድ ብቻ፣ ማለትም የራውተሩ መቀየር ቢሆንም፣ መልኩን እየለዋወጠ የተለያዩ ብልሽቶች መስሎ ስለታየኝ አንዱን ዘግቼ ተገላገልሁ ባልሁ ቁጥር ሌላው ብቅ ይል ነበር። ሊኑክስ በእያንዳንዱ ደረጃ የሚሰጠኝ መልስ ግን ለየብቻው ነበር፤ ሁሉንም «አይሠራም» በሚል አንድ ቃል ጠቅልዬ ያየሁት እኔ ነኝ። ትእዛዞቹን በፊደላችን እንደሚነበቡ ጽፌአቸዋለሁ፤ ስትሞክሯቸው በላቲን ፊደል እንደምትጽፏቸው የታወቀ ነው።

ሰርቨሩን ያቆምሁት በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ስክሪኑ በተሰበረ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ ሰርቨር 22.04 የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጭኜ ነው፤ ስሙንም ጎጆ አልሁት። በውስጡ ኪዊክስ የሚባለው፣ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ፕሮግራም በ8080 ፖርት (አንዱን አገልግሎት ከሌላው በሚለየው ቁጥር) ይሠራል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሎቹ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ እኛ ቤት ባለው ኢንተርኔት ማውረዱን አልደፈርሁም፤ ለጥምቀት ከዋሽንግተን የመጣ የአክስቴ ልጅ ነው በሃርድ ዲስክ ይዞልኝ የመጣው። የቤተሰቡ ፎቶግራፎች ሳምባ በሚባለው ፋይል የሚያጋራ ፕሮግራም በኩል ለሁላችን ክፍት ናቸው፤ የእኔ ላፕቶፕም በየሌሊቱ የሥራ ፋይሎቼን ቅጂ ወደዚያ ይልካል። ሳቆመው እጅግ ተጠንቅቄ ነበር። አድራሻው እንዳይለዋወጥ 192.168.1.20 ብዬ በእጄ ጻፍሁለት፤ ከ192.168.1.0/24፣ ማለትም በ192.168.1 ከሚጀምሩ አድራሻዎች፣ ውጭ ማንም እንዳያልፍ በፋየርዎል (ማን እንደሚገባ በሚወስነው ጥበቃ) ዘጋሁት፤ ኪዊክስም በዚያችው አድራሻ ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ አዘዝሁት። ያ ሁሉ ጥንቃቄ በአሮጌው ራውተር ቁጥር ላይ የቆመ መሆኑ ያን ጊዜ አልታየኝም።

ዓርብ ማታ መጀመሪያ ያደረግሁት ማንም የሚያደርገውን ነው፤ ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁት። ለውጥ አልነበረም። ቀጥሎ ወደ 192.168.1.20 ፒንግ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» የሚል አጭር መልእክት፣ ላክሁ፤ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት፣ ተርሚናሉ፣ ዝም አለ፤ ሳቋርጠው ከተላከው መቶ በመቶው መጥፋቱን ነገረኝ። ከዚህ ተነሥቼ ሰርቨሩ ራሱ ሞቷል ብዬ ደመደምሁ። ከቡፌው ሥር ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን ማራገቢያው ይዞራል፣ ኬብሉ የተሰካበት ቀዳዳ መብራትም ብልጭ ድርግም ይላል። ኬብሉን ቀየርሁ፤ ራውተሩ ላይ ያለውንም ቀዳዳ ቀየርሁ፤ አንድ ሰዓት ተኩል በዚህ አለፈ። ያቺ መብራት የኔትወርክ ካርዱና ኬብሉ ደኅና መሆናቸውን ገና ስጎነበስ ነግራኝ ስለነበር፣ ያን ሁሉ ጊዜ የሠራሁት ያልተበላሸ ነገር መጠገን ነው።

በመጨረሻ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ የሆነ አንድ ወጣት ጋ ደወልሁ። «ጋሼ፣ ፒንግ ሲያደርጉ ምን ብሎ ይመልሳል?» አለኝ። ምንም አይልም አልሁት። «ዝም ነው የሚለው ወይስ ሊደረስበት አልተቻለም ይላል? ሁለቱ እኮ አንድ አይደሉም።» ከዚያ «አይፒ ራውት ጌት» የሚለውን ትእዛዝ ከሰርቨሩ አድራሻ ጋር እንድጽፍና የወጣውን መስመር እንዳነብለት ጠየቀኝ። መስመሩ ውስጥ «ቪያ 192.168.100.1» የሚል አለ። ይህን ስሰማ እኔ ምንም አልገባኝም ነበር፤ እሱ ግን «በቃ፣ ሰርቨሩ ደኅና ነው፤ እርስዎ ነዎት ሌላ ሰፈር የገቡት» አለኝ።

ይህ ትእዛዝ አንድም መልእክት ሳይልክ፣ ላፕቶፑ ወደዚያ አድራሻ ቢልክ በየትኛው በር እንደሚወጣ የሚናገር ነው። «ቪያ» ማለት በእገሌ በኩል ማለት ነው። በአንድ ራውተር ሥር፣ በአንድ ቤት ውስጥ ወዳለ መሣሪያ የሚሄድ መልእክት በማንም በኩል ማለፍ የለበትም፤ ቀጥታ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ የቤታችሁን ሰርቨር አድራሻ ጠይቃችሁ «ቪያ» የሚል ቃል ከወጣ፣ ላፕቶፑ ሰርቨሩን ጎረቤቴ ነው ብሎ አያውቀውም ማለት ነው። የእኔው ላፕቶፕ ፒንጉን ለራውተሩ ይሰጣል፤ ራውተሩ ደግሞ ወደ ኢንተርኔት ያወጣዋል። በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ደንብ ለግል ኔትወርክ የተከለሉ ስለሆኑ ውጭ የሚቀበላቸው የለም፤ ዝምታው የመጣው ከዚህ ነበር። የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በዚያው መስመር ላይ ከዋይፋይ ካርዳችሁ ስም ይልቅ የቪፒኤኑ መተላለፊያ ስም ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቪፒኤኑን አጥፍታችሁ ሞክሩ።

«አይፒ አድር» ብዬ የላፕቶፔን አድራሻ ስጠይቅ 192.168.100.7/24 የሚል ወጣ። አሮጌው ራውተር ሰፈሩን 192.168.1 ብሎ ሰይሞት ነበር፤ አዲሱ 192.168.100 ይለዋል። ከጀርባ ያለችው 24 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች የሰፈሩ ስም፣ የመጨረሻው ብቻ የቤት ቁጥር መሆኑን ታመለክታለች። ስልኮቻችን አድራሻቸውን ከራውተሩ ስለሚቀበሉ ወዲያው አዲሱን ሰፈር ለመዱት፤ እኔ በእጄ የጻፍሁለት ሰርቨር ግን ማንም በሌለበት በአሮጌው ሰፈር ብቻውን ቀርቶ ነበር።

አሁን ጥያቄው፣ ስክሪኑ የተሰበረውን ሰርቨር ሳልነካ እንዴት ልግባበት የሚለው ሆነ። መፍትሔው ለብዙ ሰው እንግዳ ይመስለኛል፤ ለእኔም ነበር። ሰርቨሩና ላፕቶፑ የአድራሻ ሰፈራቸው ቢለያይም፣ በኬብልና በዋይፋይ ከአንድ ራውተር ጋር ተያይዘዋል። ስለዚህ ላፕቶፑ ለጊዜው በአሮጌው ሰፈር ሁለተኛ አድራሻ እንዲኖረው ቢደረግ እንደ ጎረቤት ሊነጋገሩ ይችላሉ። ትእዛዙ «ሱዶ አይፒ አድር አድ 192.168.1.50/24 ዴቭ» ብሎ በመጨረሻ የዋይፋይ ካርዱን ስም መጨመር ነው። የመጀመሪያው አድራሻ አይነካም፣ ኢንተርኔቱም አይቋረጥም፤ ላፕቶፑ ሲጠፋና ሲበራ ደግሞ ተጨማሪው አድራሻ በራሱ ይሰረዛል፤ ምንም ፋይል ውስጥ አልተጻፈምና። ያንን አድርጌ «አይፒ ራውት ጌት» ስል «ቪያ» የሚለው ቃል ጠፋ።

ፒንጉ ግን አሁንም አልሠራም፤ ይሁን እንጂ መልሱ ተለወጠ። በዝምታው ፈንታ፣ ከራሴ ከ192.168.1.50 የመጣ «ደስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» (የተፈለገው መሣሪያ ሊደረስበት አልተቻለም) የሚል መስመር ይደጋገም ጀመር። ባልደረባዬ ልዩነት አላቸው ያላቸው ሁለቱ መልሶች እነዚህ ናቸው። ይህ ሁለተኛው የሚለው፣ ላፕቶፑ በሰፈሩ ውስጥ «192.168.1.20 የማን ነው?» ብሎ ተጣርቶ አቤት የሚለው አጣ ነው። «አይፒ ኔበር» የሚለውን ትእዛዝ ስጽፍ ከአድራሻው ጎን «ፌይልድ» ይላል። አድራሻዎቹ አሁን በአንድ ሰፈር ሆነው ሳለ ጥሪው ካልደረሰ፣ መሐል ላይ የሚከለክል ነገር አለ ማለት ነው። የራውተሩን ገጽ ከፍቼ ስመረምር ነገሩ ተገለጠ። ባለሙያው ሁለት የዋይፋይ ስሞች ከፍቷል፤ አንደኛው ለእንግዳ የሚሰጠው፣ ጌስት የሚባለው ነው፤ የእኔ ላፕቶፕ የተያያዘው ከዚህኛው ጋር ነበር። የእንግዳ ዋይፋይ ኢንተርኔት ይሰጣል እንጂ በእርሱ የገባን መሣሪያ ከቤቱ ዕቃዎች ጋር አያገናኝም፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ማንንም አላማሁም፤ የይለፍ ቃሉ አጭር ስለነበር እኔው ነኝ የመረጥሁት።

ወደ ዋናው ዋይፋይ ተሻግሬ ጊዜያዊውን አድራሻ እንደገና ሰጠሁት፤ ዋይፋይ ሲቀያየር ይሰረዛልና። ፒንጉ በመጀመሪያው ሙከራ መለሰ። «አይፒ ኔበር» ላይ የሰርቨሩ ካርድ ቁጥር ወጥቶ «ሪቸብል» አለ። ከሩቅ ሆኖ ሰርቨሩን ለማዘዝ በሚያስገባው በኤስኤስኤችም ያለ ችግር ገባሁ። ፋየርዎሉ ያሳለፈኝ ለጊዜው የለበስሁት አድራሻ ከሚፈቅደው ሰፈር ስለሆነ መሆኑን ግን አላሰብሁም፤ ይህንን አለማሰቤ ቅዳሜን ሙሉ አስከፈለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ማስተካከያ ፋይሎች በሚቀመጡበት በኢቲሲ ማኅደር ውስጥ ያለውን፣ የኔትወርክ ማስተካከያ የሚጻፍበትን የኔትፕላን ፋይል ከፍቼ፣ በእጅ የተጻፈውን አድራሻ አጥፍቼ፣ ሰርቨሩም እንደ ስልኮቻችን ከራውተሩ በዲኤችሲፒ (ራውተሩ አድራሻ በሚያድልበት ሥርዓት) እንዲቀበል አደረግሁ። በዚህ ፋይል ውስጥ የመስመሮቹ አጀማመር በክፍት ቦታ እንጂ በታብ ሊሆን አይገባም፤ ይህን ስንቴ እንደረሳሁት አልቆጥረውም። ከዚያ «ኔትፕላን አፕላይ» አልሁ። ግንኙነቱ እዚያው ደረቀ፤ አድራሻው ስለተለወጠ ይህ የሚጠበቅ ነው። ራውተሩ ገጽ ላይ ስመለከት ሰርቨሩ 192.168.100.23 ተቀብሏል። ፒንግ አደረግሁት፤ ይመልሳል። በኤስኤስኤች ልግባ ስል ግን ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ቆይቶ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» (መልስ ሳይመጣ ጊዜው አለፈ) አለኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ሲሳሳትበት ያየሁት ነገር ነውና። ፒንጉ እየመለሰ የኤስኤስኤቹ ጥያቄ መልስ ካጣ፣ መንገዱ ደኅና ነው፣ አድራሻውም ትክክል ነው፤ ጥያቄውን በር ላይ ተቀብሎ መልስ ሳይሰጥ የሚጥል አለ። ያ ብዙውን ጊዜ ፋየርዎል ነው። ኡቡንቱ ላይ ያለው ዩኤፍደብሊው ሌላ ካልታዘዘ ፒንግን ያሳልፋል፣ ያልተፈቀደለትን ሌላ ጥያቄ ግን ያለ ምንም ምላሽ ይጥላል። የዓርቡ ዝምታና የቅዳሜው ዝምታ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም፣ ዓርብ ዕለት ፒንጉም አብሮ ዝም ብሎ ነበር። ለእኔ ሰርቨር የተፈቀደው ሰፈር 192.168.1.0/24 ብቻ ስለሆነ፣ ከ192.168.100.7 የመጣውን ራሴን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ዘጋኝ። የአሮጌው አድራሻ ዘዴም ከእንግዲህ አይሠራም፤ ሰርቨሩ ያንን አድራሻ ጥሎታል።

መደረግ የነበረበት ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። ገና በአሮጌው አድራሻ ገብቼ ሳለሁ አዲሱን ሰፈር ለፋየርዎሉ መፍቀድ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አድራሻውን መቀየር። በተጨማሪም «ኔትፕላን አፕላይ» ከማለት «ኔትፕላን ትራይ» ማለት ይሻል ነበር፤ ይህኛው በ120 ሰከንድ ውስጥ አረጋግጡ ብሎ ይጠይቅና ማረጋገጫ ካላገኘ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ግንኙነቴ ስለተቋረጠ ማረጋገጥ አልችልም ነበር፤ ሰርቨሩም ወደ አሮጌው አድራሻ ተመልሶ ስህተቴን የማርምበት ሁለተኛ ዕድል ይሰጠኝ ነበር።

ያ ስላልሆነ፣ ሰርቨሩን ሳላጠፋ ከነባትሪው አንሥቼ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ወሰድሁትና በኤችዲኤምአይ ኬብል አገናኘሁት። ባለቤቴ የምትከታተለውን ድራማ አቋርጣ፣ በትልቁ ስክሪን ላይ የሚያልፉትን ነጫጭ ጽሑፎች በትዕግሥት ተመለከተች። መጀመሪያ ግምቴን ላረጋግጥ ፈልጌ በ«ጆርናልሲቲኤል» የከርነሉን (የሥርዓቱን እምብርት) መዝገብ አውጥቼ «ዩኤፍደብሊው ብሎክ» የሚሉትን መስመሮች ፈለግሁ። የላኪው አድራሻ 192.168.100.7፣ የተፈለገው የኤስኤስኤች ፖርት 22 የሆኑ መስመሮች ተደርድረዋል፤ ጠዋት ሙሉ ያንኳኳሁት ሁሉ ተመዝግቧል። ግምት በመዝገብ ሲረጋገጥ የሚሰጠው እፎይታ ቀላል አይደለም። ከ192.168.100.0/24 ለሚመጡ የ22፣ የ8080 እና የሳምባን የ445 ፖርቶች ፈቀድሁ፤ አሮጌዎቹን ሕጎችም «ዩኤፍደብሊው ስታተስ ነምበርድ» በሚሰጠው ተራ ቁጥር ሰረዝኋቸው። አንድ ሕግ ሲሰረዝ የሌሎቹ ተራ ስለሚለወጥ ከታች ወደ ላይ መሰረዝ ይመረጣል።

ላፕቶፔ ላይ ተመልሼ በኤስኤስኤች ስገባ የማያውቀው አድራሻ ስለሆነ አረጋግጥ አለኝ፤ አረጋግጬ ገባሁ። ቀጥሎ የፈለግሁት አድራሻው በየጊዜው እንዳይለዋወጥ ነው፤ ነገር ግን በድጋሚ ሰርቨሩ ላይ በእጅ ልጽፈው አልፈለግሁም። ራውተሩ ላይ ለዚህ ካርድ ሁልጊዜ 192.168.100.20 ስጥ የሚል ምዝገባ አደረግሁ። ሰርቨሩ እንደገና አድራሻ ሲጠይቅ ግን አሁንም 23ን ይዞ መጣ። ይህ የኡቡንቱ ሰርቨር ጠባይ ነው፤ አድራሻ የሚጠይቅለት ክፍል ራሱን ለራውተሩ የሚያስተዋውቀው በካርዱ ቁጥር ሳይሆን ከሥርዓቱ በሚያወጣው ሌላ መለያ ስለሆነ፣ አንዳንድ ራውተሮች የተመዘገበው ካርድ መሆኑን አይለዩትም። ኔትፕላን ፋይሉ ውስጥ በካርዱ ስም ሥር «ዲኤችሲፒ አይደንቲፋየር» ለሚለው «ማክ» (የካርዱ ቁጥር) የሚል ዋጋ ስሰጠው ወዲያው 20ን አገኘ። አንዲት መስመር ናት፤ እርስዋን እስካገኝ ግን ቅዳሜ መሸ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁሉም ነገር አለቀ ብዬ ልጄን ጠራኋትና ታብሌቷ ላይ አዲሱን አድራሻ ከ8080 ጋር ጻፍሁላት። አልከፈተም። በዚህ ጊዜ ግን ዝምታም መዘግየትም የለም፤ ጣቴን ከማንሣቴ ግንኙነቱ ተከለከለ የሚል ገጽ መጣ። ላፕቶፔም «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» አለ። እኔም በሦስት ቀን ውስጥ ተምሬ ኖሮ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ፈጥኖ የሚመጣ እምቢታ ትልቅ ዜና ነው። መልእክቱ ሰርቨሩ ድረስ ሄዷል፣ ፋየርዎሉንም አልፏል፤ ሰርቨሩ ራሱ «በዚህ ፖርት የሚሰማ የለኝም» ብሎ መልሷል። ከዚህ በኋላ ራውተሩን፣ ኬብሉንም ሆነ ዋይፋዩን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፤ ፍለጋው ሰርቨሩ ውስጥ ነው።

ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ» ብዬ ኪዊክስን ብጠይቅ በአረንጓዴ ቀለም እየሠራ ነው አለኝ። ይህ ለትንሽ ጊዜ አሳሳተኝ። ፕሮግራሙ በእርግጥም እየሠራ ነበር፤ ጥያቄው ጆሮውን የት ጥሏል የሚለው ነው። ያንን የሚያሳየው «ኤስኤስ ሰረዝ ቲኤልኤን» የሚለው ትእዛዝ ነው፤ በየትኛው አድራሻና ፖርት የሚያዳምጥ ፕሮግራም እንዳለ ይዘረዝራል። ኤስኤስኤች በ0.0.0.0፣ ማለትም በሰርቨሩ አድራሻዎች ሁሉ ላይ ያዳምጣል። ከበታቹ ኪዊክስ በ192.168.1.20:8080 ይላል። ሰርቨሩ ያንን አድራሻ ጥሎ አንድ ቀን አልፎታል፤ ኪዊክስ ግን ከሐሙስ በፊት ጀምሮ ስላልቆመ፣ ባለቤቱ ለቅቆት በሄደ ቤት በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይጠብቅ ነበር። የአገልግሎቱን ፋይል ከፍቼ አድራሻ የሚያስይዘውን ክፍል አጠፋሁና እንደገና አስነሣሁት፤ በሁሉም አድራሻ ላይ ማዳመጥ ጀመረ። ማን እንደሚገባ የሚወስነው ፋየርዎሉ ነውና፣ ፕሮግራሙን በአንድ አድራሻ ማሰር በእኔ ቤት የሚጨምረው ጥበቃ አልነበረም። በዝርዝሩ ላይ 127.0.0.1 የሚል ካያችሁም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ፕሮግራሙ ከዚያው ከሰርቨሩ ለሚመጣ ጥያቄ ብቻ ነው የሚመልሰው፤ ሰርቨሩ ላይ ሆናችሁ ስትሞክሩት የሚሠራው፣ ከላፕቶፕ ሲሆን የሚከለክለው ለዚህ ነው።

የልጄ ዊኪፔዲያ ተከፈተ። የፎቶግራፎቹ ማኅደር ግን አልተከፈተም፤ በሳምባ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ «ሆስትስ አላው» በሚለው መስመር ላይ እዚያም 192.168.1 ጽፌ ነበር። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ነገር የታየኝ። ሰርቨሩ ላይ «ሱዶ ግሬፕ» ብዬ፣ ንዑሳን ማኅደሮችን የሚያካትተውን አር፣ የመስመር ቁጥር የሚያወጣውን ኤን፣ ነጥብን እንደ ነጥብ ብቻ የሚያነበውን ትልቁን ኤፍ ጨምሬ፣ ኢቲሲ ማኅደርን በሙሉ በ192.168.1. አስፈተሽሁ። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ አሮጌው አድራሻ የተደበቀባቸው ፋይሎች ሁሉ ከነመስመራቸው ወጡ። ራውተር የቀየረ ሰው ሁሉ ሌላ ነገር ከመንካቱ በፊት ይህንን ቢያደርግ፣ እኔ በሦስት ቀን ያገኘሁትን በአንድ ስኒ ቡና ጊዜ ያገኘዋል።

ቁጥር ማስታወስ ስለሰለቸኝ በዚያው ቀን ሰርቨሩ ላይ አቫሂን ጫንሁ። አቫሂ ሰርቨሩን በቤት ውስጥ «ጎጆ.ሎካል» በሚል ስም የሚያስጠራው ነው። ጥያቄው በ224.0.0.251 እና በ5353 ፖርት ለሰፈሩ ሁሉ ይበተናል፣ ስሙ የእኔ ነው የሚለው መሣሪያ ይመልሳል፤ ራውተር ተሻግሮ ወደ ሌላ ሰፈር ግን አያልፍም። የልጄ ታብሌት ስሙን ወዲያው አገኘው። ሊኑክስ ላፕቶፔ አላገኘውም። ፒንግ ሳደርግ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ በቅንፍ ውስጥ፣ ስሙን ወደ የትኛው አድራሻ እንደተረጎመው ይጽፋል፤ እዚያ ላይ 192.168.1.20 ተመለሰ። «ጌትኤንት ሆስትስ ጎጆ.ሎካል» ብዬም ጠየቅሁ፤ ያው ነው። ላፕቶፑ ስም ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚያየው በኢቲሲ ውስጥ ያለውን ሆስትስ የተባለ ፋይል ነው፤ እዚያ ካገኘ ሌላ ቦታ አይጠይቅም። ከሦስት ዓመት በፊት በእጄ የጻፍሁት መስመር እዚያው ተቀምጧል። ሰረዝሁት፤ ስሙም ተገኘ። «ዲግ» የሚባለውን መሣሪያ ብቻ የሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ስህተት ላያገኙት ይችላሉ፤ እርሱ ቀጥታ የሚጠይቀው ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን ዲኤንኤስን ስለሆነ ሆስትስ ፋይሉን አያነብም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ የሥራ ሰነድ በስህተት ሰርዤ ቅጂውን ልፈልግ ጎጆ ላይ ብገባ፣ የመጨረሻው ቅጂ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት የነበረው የረቡዕ ሌሊት ሆኖ ተገኘ። ኢቲሲን ያስፈተሽሁት ሰርቨሩ ላይ ነው፤ በየሌሊቱ ቅጂውን የሚልከውን ፕሮግራም፣ አርሲንክን፣ የምትጠራው አጭር ስክሪፕት ያለችው ግን ላፕቶፔ ላይ፣ በእኔ ማኅደር ውስጥ ነው። እርስዋም ወደ 192.168.1.20 ትልካለች። የስህተት መልእክቷን ደግሞ፣ ያኔ አስቸግራኝ ስለነበር፣ ወደ ባዶ እንድትጥለው አዝዣት ነበር። አድራሻውን አውጥቼ በምትኩ ጎጆ.ሎካል ብዬ ጻፍሁ፣ መልእክቷንም በፋይል እንድትመዘግብ አደረግሁ። በማግስቱ ጠዋት መዝገቡን ስከፍት የሰርቨሩ ማንነት አልተረጋገጠም ብላ ቆማለች፤ በኤስኤስኤች የገባሁት እስከዚያ ቀን በቁጥሩ እንጂ በስሙ ስላልነበር ማረጋገጫ ትጠይቃለች፤ በሌሊት ደግሞ አዎ የሚላት ሰው የለም። በዚያው ጠዋት በስሙ አንድ ጊዜ በእጄ ገባሁ፤ የወጣውን የሰርቨሩን ቁልፍ መለያ፣ ማለትም የጣት አሻራውን፣ «ኤስኤስኤች ኪጅን ሰረዝ ኤልኤፍ» ሰርቨሩ ላይ ከሚያወጣው ጋር አስተያየሁና «የስ» ብዬ ጻፍሁ። በዚያ ሌሊት የሦስት ሳምንቱ ፋይል ሁሉ ተላከ፤ የሰረዝሁት ሰነድ ግን የተጻፈው በመሐሉ ስለነበር እንደገና ቁጭ ብዬ ጻፍሁት።